ወተት የሌለበት የወተት ሽታ

ከሰኞ ጀምሮ ልቤ እንደ ነሐሴ ሰማይ ጠቁሮ ሰነበተ። ምክንያቱ አንድ ደብዳቤ ነው፤ ገና መልስ አላገኘም፣ መልሱን መጻፍ ያለብኝም እኔው ነኝ። ዛሬ ከቀትር በኋላ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቼ በመስኮቱ ወደ ጣና ስመለከት፣ ዝናቡ ሐይቁንና ሰማዩን አንድ ላይ ሰፍቷቸው ዘጌ ያለችበት አቅጣጫ እንኳ ጠፍቶኝ ነበር። እንዲህ ባለ ቀን ሰው ወይ ይተኛል ወይ ትኩስ ነገር ይጠጣል። እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ፣ ታናሽ እህቴ ከውጭ ስትመለስ ያመጣችልኝን፣ እኔም «ለእንግዳ ይሆናል» እያልኩ ወራት ሙሉ ቁም ሳጥን ውስጥ የደበቅሁትን፣ ወተት ይሸታል የተባለውን ሻይ አወጣሁ። የምሳ ሰዓት ስላለፈና ቅዳሴውም ሊወጣ ስለ ደረሰ ሕሊናዬ አልከሰሰኝም።

ሳጥኑ ውስጥ ያለው እኛ የምናውቀው ደቃቅ ጥቁር ሻይ አይደለም። እንደ ደረቀ አተር የተጠቀለለ፣ ወደ ጥቁር የሚያደላ አረንጓዴ እንክብል ነው፤ በጥፍሬ ብጫነውም አልደቀቀልኝም። ሽታው ግን አፍንጫዬን ሳላስጠጋ መጣ። መጀመሪያ ለጋ ቅቤ፣ ቀጥሎ ስሙን የማላውቀው አበባ፣ ከሁሉም ሥር ደግሞ ወተት ሊገነፍል ሲል ከድስቱ አፍ የሚነሣው ያ ጣፋጭ እንፋሎት። ክዳኑን መልሼ ገጠምኩና እንደገና ከፈትኩት፤ አሁንም አለ።

እህቴ በስልክ ስታስረዳኝ እንደ ሰማሁትና ከዚያም እኔው ፈልጌ እንዳነበብኩት፣ ውሎንግ የሚባለው ሻይ ከውሽውሽና ከጉማሮ የሻይ እርሻዎቻችን ከሚለቀመው ቅጠል ጋር የአንድ ተክል ልጅ ነው፤ የሚለያቸው ከተለቀሙ በኋላ የሚደርስባቸው ነገር ነው። ተልጦ የተተወ ድንች በአየር እንደሚጠቁር ሁሉ የሻይ ቅጠልም ሲታሽ አየር ያገኘዋልና ይጠቁራል። ፈጽሞ እስኪጠቁር የተተወው የዘወትሩ ሻያችን ይሆናል፣ ገና ሳይጀምር በእሳት ሙቀት የተገታው አረንጓዴ ሻይ ይባላል፣ ውሎንግ ግን መንገድ ላይ የተያዘ ነው። ከውሎንጎች መካከል በወተት ሽታው የታወቀው ጂን ሹዋን የሚባለው ዝርያ ሲሆን፣ የታይዋን የሻይ ምርምር ጣቢያ አዳቅሎ እ.ኤ.አ. በ1981 12ኛ ቁጥር ሰጥቶ ለአምራቾች ያወጣው ነው። ሥራውን የመሩት ው ዠንዱዎ የተባሉት ተመራማሪ በአያታቸው ስም እንደ ሰየሙት ይነገራል። ሰው የብዙ ዓመት ድካሙን በአያቱ ስም መጥራቱ ደስ አሰኘኝ። የእኔ አያት ስም ግን ለሻይ የሚሆን አይደለም፤ ለጠላ ይሻል ነበር።

ስለ አፈላሉ እህቴ ጥብቅ ትእዛዝ ሰጥታኛለች። «መቶ ዲግሪ አታድርስበት፣ ዘጠና ይበቃዋል» ብላኛለች፤ ባሕር ዳር ላይ ግን መቶ ዲግሪ የሚደርስ ውሃ ከየት ይመጣል? ከተማችን ከባሕር ወለል 1,800 ሜትር ገደማ ከፍ ብላ ስለምትገኝ፣ ውሃ እዚህ የሚፈላው 94 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ነው። ታይዋኖች እየለኩ የሚያበርዱትን እኛ በተፈጥሮ አግኝተነዋል ብዬ ጥቂት ኮራሁ። ከማንቆርቆሪያው አውርጄ አንድ አቡነ ዘበሰማያት እስክደግም ብቆይ ልኩ ላይ እደርሳለሁ ማለት ነው። ሚዛን ስለሌለኝ በሻይ ማንኪያ ሁለት አድርጌ እጀታ የሌላት ትንሽ ጽዋ ውስጥ ጨመርኩ፤ መክደኛ ስላልነበራት የስኒ ማስቀመጫ ደፋሁባት። የመጀመሪያውን ውሃ ቅጠሉን አለቅልቆ ማፍሰስ ነው፤ ይህን ሳደርግ እናቴ ባለማየቷ ደስ አለኝ፣ የፈላ ነገር ሲደፋ አትወድም። ከዚያ ሁለተኛውን ውሃ ጨምሬ አሁንም አንድ አቡነ ዘበሰማያት ቆጠርኩ። ሰዓት መያዝ ስችል ለምን በጸሎት እንደ ቆጠርኩ አላውቅም፤ ምናልባት ልማድ ነው፣ ምናልባትም ዘግይቶ የገባኝ ነገር ቀድሞ ልቤን ነክቶት ይሆናል።

የተቀዳው ነገር መልኩ ብርዝ ነው። ያለ ስኳር ጠጣሁት፣ ቅርንፉድም ቀረፋም የለበትም፤ ለእኛ አገር ሰው ይህ ራቁቱን የወጣ ሻይ ነው። ምላስ ላይ ሲያልፍ ቅባት ያለበት ይመስላል፣ ከንፈርን ሲዳስሱት ግን ቅባት የለም። ከተዋጠ በኋላ ጉሮሮ ላይ የሚቀር ጣፋጭነት አለው፤ ያም ስኳር የሚተወው ዓይነት የሚያጣብቅ ነገር አይደለም። ወተቱ ያለው አፍ ውስጥ ሳይሆን ሲተነፍሱ አፍንጫ ውስጥ ነው። በጎጃም ተወልጄ በጎጃም ያረጀሁ ቡና ጠጪ ሰው፣ ፊት ለፊቴ የዘጌ ቡና ጫካ በጉም ተሸፍኖ ሳለ ይህን ማለቴ ክህደት ካልሆነ በቀር፣ ደስ ብሎኛል።

ሁለተኛውን ስቀዳ እናቴ ከቅዳሴ ገባች። ነጠላዋን ሳታወልቅ በሩ ላይ ቆመች።

«አንተ፣ ምን እያፈላህ ነው? ወተት ይሸተኛል እኮ!»

«ሻይ ነው፣ እማዬ።»

«ሻይ መቼ ነው ወተት መሽተት የጀመረው? ፍልሰታ መሆኑን ረሳኸው እንዴ?»

ወተት አንድ ጠብታ እንኳ እንደሌለበት፣ ቅጠሉ ራሱ በተፈጥሮው እንደሚሸት አስረዳኋት። አንገቷን ወደ አንድ ጎን ዘንበል አድርጋ አዳመጠችኝ። ልጅ ሳለሁ ስኳር ሰርቄ «ጉንዳን ነው የበላው» ስል የምታዳምጠኝ በዚያው አኳኋን ነበር።

ይህ ነገር ቀላል መስሎኝ ነበር፤ ወደ ጓዳ ከገባች በኋላ ግን አልለቀቀኝም። የጾም ሕግ የሚለው ሥጋ፣ ወተት፣ ቅቤ፣ እንቁላል ነው፤ ስለ ሽታ የሚል አልሰማሁም። ነገር ግን ጾሙን ያዘዙት አባቶች ወተት የሚሸት ቅጠል በዓለም እንዳለ ያውቁ ነበር? እኔ ዛሬ ወተት አልጠጣሁም፣ የፈለግሁት ግን ወተት ነው፤ አገኘሁትም። ከጎረቤት የሚመጣ የዶሮ ወጥ ሽታ አፍንጫዬ ሲገባ ገደፍኩ አልልም፤ ይህን ግን ራሴ አፍልቼ፣ ራሴ ከድኜ፣ ራሴ ተንፍሼ ሳብኩት።

ከዚህም የባሰ ሐሳብ መጣ። የወተት ውሎንግ ተብሎ ከሚሸጠው ብዙው ጂን ሹዋን እንዳልሆነ አንብቤያለሁ። ተራ ውሎንግ ላይ የወተት ማጣፈጫ ይጨመርበትና ወተት ሸተተ ይባላል። ተክሉ ወተት ሲያጠጡት ያድጋል ወይም ቅጠሉ በወተት እንፋሎት ይታጠናል የሚሉትም ገበያ የፈጠረው ተረት ነው፤ ትክክለኛው ዝርያ ሽታውን ከራሱ ያመጣል፣ ያም ደብዛዛና ወደ አበባ የሚያደላ ነው። ደረቁ ቅጠል ገና ውሃ ሳይነካው እንደ ከረሜላ ከሸተተ መጠርጠር ይገባል ይላሉ። የእኔ ሻይ ደግሞ ሳጥኑ ሲከፈት ሳይጠሩት የመጣ ነው። ማጣፈጫው የተሠራው ከምን ይሆን? ከወተት የወጣ ነገር ካለበት ለእናቴ የተናገርኩት ሁሉ ውሸት ሆነ፣ ጾሜም ተገደፈ ማለት ነው። በሳጥኑ ጀርባ የተጻፈው ሙሉ በሙሉ የቻይና ፊደል ነው። በስልኬ አስተርጉሜ ላነብ ብሞክር ኔትወርኩ ከዝናቡ ጋር ሄዷል። ስለ ሻይ እውነተኛነት የሚጨነቁት ነጋዴዎችና ቀማሾች ብቻ መስለውኝ ነበር፤ ጾመኛም እንደሚጨነቅ ያወቅሁት ዛሬ ነው።

ስለዚህ መመርመር ጀመርኩ። የተጨመረ ሽታ ከቅጠሉ ላይ ተቀብቶ ስለሚቀመጥ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ውሃ ታጥቦ ይሄዳል፤ የቅጠሉ የራሱ የሆነው ግን እየደከመም ቢሆን ይቆያል። ለዚህ ደግሞ ከእኛ የተሻለ መለኪያ ያለው ማን ነው? አቦል፣ ቶና፣ በረካ እያልን ያደግን ሰዎች ነን። አቦሉ ቅቤ ነበር። ቶናው ያንኑ ያህል ነበር፣ እንዲያውም እንክብሉ ተፈትቶ ቅጠሉ እንደ ጎመን ተዘርግቶ ጽዋዋን ስለ ሞላት ውፍረቱ ጨመረ። ለበረካው ሁለት አቡነ ዘበሰማያት ሰጠሁት፤ ወተቱ ጠፋ፣ አበባው ቀረ። «በቃ፣ የተቀባ ነው» አልኩ። አራተኛውን፣ ስም የሌለውን፣ ከእልህ የተነሣ አምስት ጸሎት ያህል አቆይቼ ቀዳሁትና ሳልጠጣው በረደ። ሲበርድ ወተቱ ተመለሰ። ከቅጠሉ ይሁን ከልቤ አላውቅም።

ያን ጊዜ እናቴን ጠራኋትና ባዶውን ስኒ አስሸተትኳት። ምላሷን ከምታምነው ይልቅ አፍንጫዋን የምታምን ሴት ናት፤ እርጎ መርጋቱን ክዳን ሳትከፍት ታውቃለች። ስኒውን ተቀብላ ዓይኗን ጨፈነች፣ ቆየች፣ እንደገና አሸተተች።

«ይሄ ወተት አይደለም» አለች። «ወተት የነበረበት ዕቃ ነው። ወይራ ያልታጠነ ቅል።»

ስኒውን ጠረጴዛው ላይ ከተዘረጋው ወረቀት ላይ አስቀምጣ ወጣች።

ከዚያ በኋላ ሻዩን አልመረመርኩም፤ በሐሳብ ሄድኩ። አያቴ ቤት፣ ፎገራ፣ ላሞቹ ክረምት ሳር ጠግበው ወተት በሚሰጡበት ነሐሴ። ፍልሰታ የልጆች ጾም ነው፤ በሰባት ዓመቴ እኔም ጾመኛ ተባልኩ። ላም ግን ጾም አታውቅምና በየጠዋቱና በየማታው መታለቧ አይቀርም። በሌላ ጊዜ የሚታለበው ወተት ወዲያው ይጠጣል፣ ለሽታ ጊዜ የለውም። በጾም ግን የሚጠጣው ሰው ስለሌለ ይጠራቀማል፣ ይረጋል፣ ቅሉ ተንጠልጥሎ ቀኑን ሙሉ ይናጣል፣ ቅቤው ጾሙ እስኪፈታ ይጠቀጠቃል። የአያቴ ቤት በዓመቱ ውስጥ እንደ ፍልሰታ ሰሞን ወተት ሸትቶ አያውቅም ነበር። ቅሉ በወይራ ጢስ ሲታጠን አጠገቡ ተቀምጬ፣ ምራቄን እየዋጥኩ፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጥላ እለካ ነበር። ለካ ለእኔ የወተት ሽታ የወተት ሽታ አይደለም፤ የጾም ሽታ ነው። ወተቱ የሌለበት መሆኑ ደግሞ ሽታውን አላጎደለውም፣ ያኔም አልነበረበትም፤ ማለቴ በእኔ አፍ አልነበረበትም።

ይህ እውነት ከሆነ ዛሬ ያደረግሁት መግደፍ ሳይሆን እጥፍ መጾም ነው ልል አሰብኩ። ክርክሩ ለራሴም በጣም ስለ ተመቸኝ ጠረጠርኩት። የሚመች ክርክር አብዛኛውን ጊዜ ስኳር ከበላው ጉንዳን ጋር ዝምድና አለው።

ነገ ከቅዳሴ በኋላ የንስሐ አባቴን ልጠይቃቸው ወስኛለሁ። ግን ምን ብዬ ነው የምጀምረው? ዝናቡን፣ ታይዋንን፣ 94 ዲግሪውን፣ የእናቴን አፍንጫ ሁሉ ካላስረዳኋቸው ጥያቄው ሞኝ ያሰኘኛል፤ ካስረዳኋቸው ደግሞ ሞኝነቴ ይረጋገጣል። ፀጉሩ የሸበተ ሰው፣ ሌላው ምእመን ስለ ቂምና ስለ ሐሰት ምስክርነት ሊናዘዝ ተሰልፎ ሳለ፣ ስለ ሁለት ማንኪያ ቅጠል ሊናገር ሰልፍ ይይዛል። «ይሸታል ስትለኝ ምን ያህል ይሸታል?» ቢሉኝስ? ሳጥኑን በፌስታል ጠቅልዬ ብወስደው፣ ደጀ ሰላም ላይ ከፍቼ «አባ፣ እስቲ ያሽትቱልኝ» ልላቸው ነው? ካሸተቱ በኋላ እሳቸውም ጾመኛ መሆናቸው ትዝ ቢላቸውስ?

ቅጠሉ አሁንም ጽዋዋ ውስጥ እርጥብ ነው። እህቴ እስከ ስድስትና ሰባት ውሃ ይሰጣል ብላኛለች፤ አምስተኛውን ዛሬ ልጨምርበት ወይስ አባ ፍርዳቸውን እስኪሰጡ ልተወው?