የግራ እጇ ጸጥታ

ነሐሴ 13፣ ጎንደር

ለመመረቂያ ጥናቴ የእንቅስቃሴ መለኪያውን ሰው እጅ ላይ ከማሰሬ በፊት እናቴ ላይ ልሞክረው ብዬ ነበር። ነሐሴ 5 በግራ እጇ አንጓ ላይ አሰርኩላት። የምትተኛበትንና የምትነሳበትን ሰዓት ደግሞ እህቴ በየቀኑ እንድትጽፍልኝ አደራ ብዬ ማራኪ ሰፈር ወደተከራየሁት ቤት ተመለስኩ።

ትናንት ሰባት ቀኑ ሞላ። ዳታውን ላፕቶፔ ላይ ገልብጬ አር (R) በሚባለው የስታቲስቲክስ ፕሮግራም ከፈትኩት። መሣሪያው በሦስት አቅጣጫ፣ በሰከንድ 100 ጊዜ ይመዘግባል፤ ለአንዱ አቅጣጫ ብቻ በቀን 8,640,000 ቁጥር ማለት ነው። ጂጂአይአር (GGIR) የሚባለው የአር ተጨማሪ ፓኬጅ ያንን ሁሉ በየ5 ሰከንዱ ጠቅልሎ፣ የመሬት ስበትን ድርሻ ቀንሶ ያስቀምጠዋል። እንቅልፍን የሚያውቀው ግን በእጅ አዘነባበል ነው፤ ለ5 ደቂቃ ያህል ከ5 ዲግሪ በላይ ካልተለወጠ እንቅልፍ ሊሆን ይችላል ብሎ ይይዘዋል።

መጀመሪያ ያስቸገረኝ ሰዓቱ ነው። የላፕቶፔ የሰዓት ክልል ለንደን ላይ ነበር፤ በነሐሴ ለንደን ከእኛ በ2 ሰዓት ወደኋላ ናት። እሱን ወደ አዲስ አበባ ቀየርኩና የእህቴን ማስታወሻ አስገባሁ። ሁሉም ቀን ላይ ያው ነው፦ «ተኛች 3፣ ተነሳች 9።» ኮምፒውተሩ ከንጋት በፊት ተኝታ ረፋዱ ላይ የተነሳች አድርጎ አነበበው። ግራፉ ደግሞ ረፋዱን ሙሉ ስትንጎዳጎድ ያሳያል። እህቴ ዝም ብላ የሞላችው መሰለኝ፤ ማስታወሻውን ትቼ ፓኬጁ በራሱ እንዲፈርድ አደረግሁ።

እሱም ከምሽቱ 3 እስከ ጠዋት 1 ሰዓት፣ አሥር ሰዓት ሙሉ ተኝታለች አለኝ። በየሌሊቱ መሀል ላይ ሁለት አጫጭር ጭረቶች ብቻ ብቅ ይላሉ። እየባነነች ይሆናል ብዬ አለፍኳቸው። እንዲያውም ዕድሜዋ ነው፣ ደክማለች ብዬ አሰብኩ፤ ይህን ሳስብ ሆዴ ባባ።

ዛሬ ጠዋት ሄጄ ጠየቅኋት።

«እማዬ፣ ሰሞኑን እንቅልፍ በዝቶብሻል?»

«ምን እንቅልፍ አለ ልጄ፣ በፍልሰታ! ከሌሊቱ 9 ሰዓት ጀምሮ የሰዓታት ጸሎት ላይ አይደለሁ?»

ያኔ ገባኝ። አንደኛው ጭረት ዳገቱን ወጥታ ወደ ማርያም የሄደችበት ነው፤ ሁለተኛው ሲነጋጋ የተመለሰችበት። በመካከሉ ያለው እንቅልፍ የተባለው ጊዜ በሙሉ ጸሎት ነው። እንዴት እንደምትቆም ከልጅነቴ ጀምሮ አውቃለሁ፦ ጀርባዋን ለግድግዳው ሰጥታ፣ ነጠላዋን አጣፍታ፣ ግራ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ። የምትንቀሳቀሰው ቀኝ እጇ ናት፤ አውራ ጣቷ መቁጠሪያዋን አንድ በአንድ ትገፋለች። መሣሪያውን ያሰርኩት ደግሞ በግራዋ ነው።

እህቴም አልተሳሳተችም። የጻፈችው በእኛው አቆጣጠር ነው፤ ወደ ኮምፒውተሩ ያላዛወርኩት እኔ ነኝ። ከሰዓት በኋላ አጭር ኮድ ጻፍኩ፦ የቀን ሰዓት ከሆነ 6፣ የማታና የሌሊት ከሆነ 18 ይደምራል፤ 24 ከሞላ ወይም ካለፈ 24 ይቀንሳል። እንደገና ሳስኬደው የመነሻ ሰዓቷ በየቀኑ ከመጀመሪያው ጭረት ጎን ገጠመ። የእህቴን ጽሑፍ ተጠራጥሬ መጣሌ እስካሁን ይቆጨኛል።

ለጥናቱ የማሰራጨው ቅጽ ላይ «ሌሊት ቤተ ክርስቲያን ሄደዋል?» የሚል ዓምድ ጨምሬያለሁ፤ ለሙስሊሞች የሌሊት ሶላትንም እንዲሁ። የቀኑን እንቅስቃሴ ገና አልነካሁትም። ውሃ ሲጠፋ ጀሪካን አዝለው፣ ገመዱን በሁለት እጃቸው ደረታቸው ላይ ይዘው ዳገት የሚወጡ ሴቶች አሉ። ሸክሙንና ዳገቱን አንጓ ላይ ያለ መሣሪያ አያየውም፤ ያንን በምን እንደምይዘው እያሰብኩ ነው።

መለኪያውን ቻርጅ አድርጌ ማታ መልሼ አሰርኩላት፤ አሁን በቀኝ እጇ ላይ። ነሐሴ 16 ጾሙ ሲፈታ እፈታላታለሁ።