አባቴን የገደለው ቤንች

ነገሩ የሆነው ቅዳሜ ነው። ዛሬ ማክሰኞ ነው፤ አሁንም ደረጃ ላይ ጎረቤት ባየሁ ቁጥር ስልክ የማወራ መስዬ አልፋለሁ።

ጣጣው የመጣው ከእውቀት ብዛት ነው። ሁለት ሳምንት ሙሉ ስለ ቤንች፣ ማለትም ተኝተው ብረት ስለሚያነሱበት አግዳሚ ወንበር፣ ያላየሁት ቪዲዮ የለም። የውድድር ቤንች ከመሬት ከ42 እስከ 45 ሳንቲ ሜትር ከፍ ይላል፣ ስፋቱ ከ29 እስከ 32 ነው፣ ርዝመቱ ከ1.22 ሜትር አያንስም። ይህን በቃሌ እወጣዋለሁ፤ የሚስቴን ስልክ ቁጥር ግን አላውቀውም። "150 ኪሎ ይችላል" ሲሉም የተኛበትን ሰውዬ ጨምሮ ነው። እኔ 91 ነኝ። ለብረቱ የሚተርፈው 59 ኪሎ ነው፤ ገና ምንም ሳላነሳ ከግማሽ በላዩን በልቼዋለሁ ማለት ነው።

ሱቅ ያየሁት ታጣፊው ቤንች ሲተኙበት ይወዛወዛል፤ በመቀመጫውና በመደገፊያው መካከል ያለው ክፍተት ደግሞ ልክ ወገቤ ላይ ያርፋል። ስለዚህ ሰፈራችን ብየዳ ቤት ሄጄ ጠፍጣፋውን አሠራሁ። 40 በ40 ብረት፣ ጠንካራ ስፖንጅ፣ ጥቁር ሌዘር። ለውፍረቱ ባለሙያው "1.5 ሚሊ ይበቃሃል፣ ለመሸከምም ይቀልሃል" ቢለኝ "2 ሚሊ አድርገው፣ ከባድ ቤንች አይነቃነቅም" አልኩት።

እውነትም አልተነቃነቀም።

ኮንዶሚኒየማችን በር ላይ ስደርስ ጫኝና አውራጆቹ ተነሡ። እስከ 4ኛ ፎቅ 1,500 ብር። ለአንድ ወንበር! አምና ፍሪጁን እኔና ወንድሜ ተሸክመን ስናስገባም ከፍለናቸዋል፤ በገዛ ወገባችን ተሸክመን፣ እነሱ ቆመው አይተው! ይህን ሕግ ማን እንዳወጣው እስካሁን የነገረኝ የለም። "ስፖርተኛ ነኝ፣ ራሴ እሸከማለሁ" አልኳቸው። አልተከራከሩም። ተመልሰው ተቀመጡ፤ አንደኛው እንዲያውም በደንብ እንዲታየው ቦታ ቀየረ።

2ኛ ፎቅ ላይ ጉልበቴ ከዳኝ። ቤንቹን አስቀምጬ ተቀመጥኩበት። ላቡ ዓይኔ ውስጥ ገብቶ እንባዬ ይወርዳል። ጥቁር ቲሸርት ለብሻለሁ። እንግዲህ አስቡት፦ ረጅም አግዳሚ ወንበር፣ ጥቁር ልብስ፣ የሚያለቅስ ጎልማሳ። የ2ኛ ፎቋ እማማ በራቸውን የከፈቱት ይሄኔ ነው።

"ምነው ልጄ? ማነው?"

"አይ ባክዎ፣ ምንም የለም" ልላቸው ነበር። ትንፋሽ ከየት ይምጣ! የወጣው "አ… ባ…" ብቻ ነው።

"ውይ! አባቱን!"

ነጠላቸው መቼ እንደተዘቀዘቀ አላየሁም። ጩኸታቸውን የሰማ ከላይም ከታችም ግልብጥ ብሎ መጣ። ፍራሽ ተነጠፈ። አንዱ ቤንቹን ዳሰስ አድርጎ "እድራችን ወንበር ቀየረ እንዴ?" አለ። የብሎካችን ቴሌግራም ግሩፕ በሻማ ተሞላ። የእድሩ ገንዘብ ያዥ ጆሮዬ ሥር ተጠግቶ የ3 ወር ክፍያ እንዳለብኝ ካስታወሰኝ በኋላ "አሁን ግን አታስብ" አለኝ። እነዚያ ጫኝና አውራጆች ሳይቀሩ ኮፍያቸውን አውልቀው ቆመዋል።

ትንፋሼ ሲመለስ "ኧረ ማንም አልሞተም!" አልኩ።

እማማ ጭንቅላቴን ደረታቸው ላይ አስጠጉና "አላመነም" አሉ። "ውሃ ስጡት፣ ገና አላመነም።"

ባስተባበልኩ ቁጥር ለቅሶው ባሰ። መጨረሻ ላይ ደብረ ብርሃን ደውዬ ስልኩን ላውድ አደረግኩት። "ሃሎ፣ ማነህ?" የሚለው ወፍራም ድምፅ ደረጃውን ሲሞላው ዝም አሉ። እማማ ነጠላቸውን መልሰው ሲያጣፉ "ተመስገን" አሉ፤ አባባላቸው ግን ትንሽ ቅር ያላቸው ይመስላል። ፍራሹ ተጠቀለለ። ጫኝና አውራጆቹም ኮፍያቸውን መልሰው አደረጉ፤ ከ2ኛ ወደ 4ኛ ስንት ነው ብላቸው፣ 1,500። ከፈልኩ።

ማታ አባዬ ራሱ ደወለ። ሁሉንም ዘርዝሬ ነገርኩት። ይስቃል ብዬ ስጠብቅ ዝም ብሎ ቆየና "ስንት ሰው መጣ?" አለኝ።

"ወደ 30 ይሆናል።"

"እህ። ያ ባለፈው ፋሲካ ስመጣ ሰላም ያላለኝ ሰውዬስ መጥቶ ነበር?"