ከአበርታው ጠጠር እስከ ኤዲስቶን ዓለት

በደቡብ ዌልስ የባሕር ዳርቻ ወደምትገኘው አበርታው የደረስሁት ውሃው ሸሽቶ ዳርቻው በተገለጠበት ሰዓት ነበር። ገደሉ ግራጫ የኖራ ድንጋይና ጠቆር ያለ የሸክላ ንጣፍ እየተፈራረቁ የተነባበሩበት ነው። ማዕበሉ ከዚያ እየሰበረ ያንከባለላቸው ጠጠሮች ለዘመናት ተለቅመው ኖራ ሆነዋል፤ እ.ኤ.አ. በ1888 የተሠራው የኖራ ማቃጠያ ፍርስራሽም እስካሁን እዚያው ቆሟል።

ወደዚህ የመራኝ የመሐንዲሱ የጆን ስሚተን ሥራ ነው። ከእንግሊዟ የወደብ ከተማ ከፕሊመዝ ወዲያ ባሕር መካከል፣ ኤዲስቶን ዓለት ላይ የነበረው የመብራት ማማ በ1755 መጨረሻ ተቃጥሎ ሌላ እንዲሠራ ሲታዘዝ፣ ማዕበል በሚመታው ሥፍራ የሚጠነክር ሞርታር፣ ማለትም ድንጋይን ከድንጋይ የሚያያይዝ ቡኮ፣ ማግኘት ነበረበት። ተራ ኖራ የሚጠነክረው ከአየር ካርቦን ዳይኦክሳይድ እየሳበ ስለሆነ ውሃ ውስጥ አይረጋም። ምርጥ ኖራ ከጠንካራ ድንጋይ ይገኛል ተብሎ በሚታመንበት በዚያ ዘመን፣ ስሚተን በ1756 የየቦታውን ድንጋይ በናይትሪክ አሲድ አሟሙቶ፣ ውሃ ውስጥ የሚጠነክር ኖራ የሚሰጠው ሸክላ ያለበት ድንጋይ መሆኑን አረጋገጠ።

እኔም በዚያ ምሽት አንዲት ጠጠር ወቅጬ፣ ግማሽ ማንኪያ ዱቄቷን ኮምጣጤ በሞላ ብርጭቆ ውስጥ ጨመርሁ። ወዲያው አረፋ ደፈቀ፤ ጠዋት ስነሣ ከብርጭቆው ሥር ግራጫ ጭቃ ረግቶ አገኘሁት። በጣቴ ሳሸው እንደ ሸክላ ሠሪ አፈር ይለሰልሳል። ብዙ ሰው እንደ ጉድፍ የሚቆጥረው ይህ ጭቃ የነገሩ ሁሉ ቁልፍ መሆኑን ያን ጊዜ በእጄ ዳሰስሁት።

ድንጋዩ 1,000 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ሲቃጠል በሸክላው ውስጥ ያለው ሲሊካ (በአሸዋም የሚገኘው ውሁድ) ከኖራው ጋር ተዋሕዶ ቤላይት የተባለ ማዕድን ይሆናል፤ ቤላይት ደግሞ ከውሃው ጋር ራሱ ተዋሕዶ ስለሚጠነክር አየር አይጠብቅም። ሳይዋሐድ የተረፈው ኖራ ውሃ ሲርከፈከፍበት እየፋመ ያብጣል፤ ጓሉንም ሰባብሮ ዱቄት ያደርገዋል። የሸክላው መጠን ከድንጋዩ ሩብ ያህል ወይም ከዚያ በላይ ሲሆን ግን የሚተርፍ ኖራ ስለማይኖር ጓሉ በራሱ አይፈርስም፤ በወፍጮ መፈጨት አለበት፤ ውጤቱም የተፈጥሮ ሲሚንቶ ይባላል። አቃጣዩ እሳቱን አብዝቶ ድንጋዩ እንዳይቀልጥበት የሚሰጋውም በሸክላው ምክንያት ነው፤ ኖራውን የሚያጠነክረው ሸክላ የመቅለጫውን ሙቀት ዝቅ ያደርገዋል።

በማግሥቱ ወደ ፕሊመዝ ተጓዝሁ። ስሚተን የአበርታውን ኖራ ከጣሊያን ከመጣ ፖዞላና፣ ማለትም ከእሳተ ገሞራ አመድ ጋር እኩል ለእኩል ቀላቅሎ የሠራው ማማ በ1759 መብራቱ በርቷል። ከመቶ ዓመት በላይ ካገለገለ በኋላ የበረታበት ጉዳት ከሥሩ ነበር፤ የተሸረሸረው ዓለቱ ነው። የላይኛው ክፍል ተነቅሎ ፕሊመዝ ከተማ ባለው ከፍታ ላይ እንደገና ተተክሏል። ደረጃውን ወጥቼ ስመለከት ሰማዩ ጥርት ብሎ ነበርና፣ በኋላ ከተተካው አዲስ ማማ አጠገብ፣ ባሕሩ መካከል የቀረው የአሮጌው ማማ ጉቶ እንደ ጥቁር ነጥብ ታየኝ።