ከስኳር ወደ ማጣፈጫ ኪኒን፣ ከኪኒኑም ወደ መራራ ቡና

ጎንደር ውስጥ ቡና የተጠራ ሰው ከአቦል እስከ በረካ ሳይጠጣ አይነሳም፤ በብዙ ቤትም ስኳሩ አስቀድሞ ስኒው ውስጥ ይገባል። ክብደቴ መጨመሩንና በባዶ ሆዴ የተለካው የደም ስኳሬ ወደ ስኳር በሽታ ድንበር መጠጋቱን ሐኪም ሲነግረኝ፣ ከሁሉ በፊት የመረመርኩት ይህንን ስኳር ነበር። አንድ የሻይ ማንኪያ ስኳር 4 ግራም ገደማ ይመዝናል፤ የዓለም ጤና ድርጅት ደግሞ የተጨመረ ስኳር በቀን ከምናገኘው ኃይል ከ10 በመቶ እንዳይበልጥ፣ ቢቻል ከ5 በመቶ በታች፣ ማለትም 25 ግራም አካባቢ እንዲሆን ይመክራል። ሦስቱን ስኒ በሁለት ሁለት ማንኪያ የጠጣ ሰው ይህን መጠን ከቡናው ሳይነሳ ይጨርሰዋል።

ስለዚህ ከፋርማሲ የሳካሪን ኪኒን ገዝቼ ጀመርኩ። ሳካሪን እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1879 የተገኘ፣ ከስኳር በመቶዎች በሚቆጠር እጥፍ የሚጣፍጥ፣ ካሎሪ ግን የማይሰጥ ነገር ነው። ኪኒኗ ትኩስ ቡና ውስጥ ስትገባ ጥቂት አረፋ አውጥታ ትሟሟለች፤ የመጀመሪያው ፉት ጣፋጭ ነው፣ ከተዋጠ በኋላ ግን ብረት ብረት የሚል ምሬት ምላስ ላይ ይቆያል። ክብደቴ በመጀመሪያ ጥቂት ቀንሶ በኋላ ባለበት ቆመ። የምበላውን በደብተር መመዝገብ ስጀምር ምክንያቱ ታየኝ፤ ከቡናው የቀነሰው ካሎሪ ከሰዓት በኋላ በዳቦና በብስኩት ይመለስ ነበር፣ ምላሴም እንደ ቀድሞው ጣፋጭ ይጠይቃል።

የዓለም ጤና ድርጅት በግንቦት 2023 ያወጣው ምክር ካየሁት ጋር ይገጥማል። ድርጅቱ ክብደትን ለመቆጣጠር ሲባል እንደ ሳካሪን ያሉ ስኳር ያልሆኑ ማጣፈጫዎችን መጠቀምን አልደገፈም፤ በአጭር ጊዜ ሙከራዎች ክብደት በጥቂቱ ቢቀንስም፣ ሰዎችን ለዓመታት የተከታተሉ ጥናቶች ዘላቂ ጥቅም አላሳዩም፣ እንዲያውም ከዓይነት 2 የስኳር በሽታና ከልብ ሕመም ጋር ዝምድና አሳይተዋል። ዝምድና ግን ምክንያት ነው ማለት አይደለም፤ ቀድሞ የወፈረ ወይም ለስኳር በሽታ የተጋለጠ ሰው ነውና ወደ ማጣፈጫ የሚያደላው። ድርጅቱ ራሱ ምክሩን ቅድመ ሁኔታ ያለው፣ ማለትም ማስረጃው ቁርጥ ያልሆነ ብሎ መሰየሙ ለእኔ የሚያስመሰግን ጥንቃቄ ነው።

ሰዎች አብዝተው የሚጠይቁኝ ስለ ካንሰር ነው። በሐምሌ 2023 የድርጅቱ የካንሰር ምርምር ተቋም በዳይት ለስላሳ ውስጥ የሚገባውን ሌላ ማጣፈጫ፣ አስፓርቴምን፣ ካንሰር ሊያመጣ ይችላል ተብሎ ከሚጠረጠረው ምድብ አስገብቶታል፤ በዚያው ጊዜ መጠኑን የሚገመግመው የባለሙያዎች ኮሚቴ ለአንድ ኪሎ ግራም የሰውነት ክብደት በቀን እስከ 40 ሚሊ ግራም የሚለውን ገደብ እንዳለ አጽንቷል። 70 ኪሎ የሚመዝን ሰው ይህን ለማለፍ በቀን ከ9 እስከ 14 ጣሳ የሚበልጥ ዳይት ለስላሳ መጠጣት አለበት። እኔ ኪኒኑን የተውኩት ካንሰርን ፈርቼ ሳይሆን ክብደቴን ስላልረዳኝ ነው።

ኪኒኑን የተውኩት ቀስ በቀስ ነበር። ኪኒኗን ለሁለት መስበር ጀመርኩ፤ ቀጥሎ ለአቦሉ ብቻ ተጠቀምኩ፤ ዐቢይ ጾም ሲገባ ደግሞ፣ ሰውነት መከልከልን በሚለምድበት ወቅት፣ ጨርሼ ተውኩት። በገጠር ቡና በጨው የሚጠጣባቸው ቤቶች አሉ፤ እኔ የደም ግፊትን በመስጋት በጨው ፋንታ ጤና አዳም መረጥኩ፣ ሻዩንም በቀረፋና በቅርንፉድ አፈላሁት። ምላስ ከጠበቅሁት ፈጥኖ ይለምዳል፤ ዛሬ ቀድሞ የምጠጣው ቡና ሽሮፕ ሽሮፕ ይለኛል። ከባዱ የሰው ቤት ነበር። ጎረቤታችንን «እትዬ፣ ለእኔ ስኳር አይግባበት» ስላቸው «ምነው ልጄ፣ ቡናዬን ጠላኸው?» ብለው ቅር አላቸው፤ «ሐኪም ከልክሎኝ ነው» ስላቸው ግን ወዲያው ስኒውን ለይተው አስቀመጡልኝ። ይህን ቡናው ሳይቀዳ መናገር ይበጃል።

እናቴ የስኳር ሕመምተኛ ናትና ኪኒኗን አልተወችም፤ ከላይ የጠቀስኩት ምክር ቀድሞ ስኳር በሽታ ያለባቸውን አይመለከትም፣ ሐኪሟም ፈቅዶላታል። ላስጥላት የምጥረው «ስኳር የለውም» የሚል ጽሑፍ ያለበትን ብስኩት ነው፤ ዱቄቱ ሆድ ውስጥ ሲፈጭ የደም ስኳሯን ስኳር ያለበትን ያህል ከፍ ሊያደርገው ይችላልና።