ካሮቴን ከሰፈር ድመቶች ያተረፈልኝ የዶሮ ሽቦ

ዘንድሮ ካሮቴ ድመት ሳይቆፍረው በቀለ! ደስታዬን ለጓሮ አትክልት ወዳጆች ላካፍል።

ቆስጣና ጎመን ብዙም አላስቸገሩኝም። ችግኛቸው ስለሚተከል ቅጠላቸው ቶሎ መሬቱን ይሸፍናል። መከራው ካሮት ነው። ዘሩ እዚያው መደቡ ላይ ይዘራል፣ ለመብቀል ደግሞ ሁለት ሳምንት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይፈጃል። ያን ሁሉ ጊዜ መደቡ የለሰለሰ ባዶ አፈር ነው። ድመት ከዚህ የተሻለ መጸዳጃ ከየት ታገኛለች? ማታ ትመጣለች፣ ጫር ጫር ታደርጋለች፣ ጨርሳ አፈር መልሳበት ትሄዳለች። ጠዋት መስመሩ ጠፍቶ፣ ዘሩ አንድ ጥግ ተከምሮ ይጠብቃችኋል።

ድመት እንዲያርቁ የሚበተኑት የብርቱካን ልጣጭና የቡና አተላ የሚሠሩት ሽታቸው እስካለ ነው፤ ዝናብ ሲመታቸው አበቃ። በርበሬ ነስንሱ የሚሉትን አጥብቄ እቃወማለሁ። እግሯ ላይ ይጣበቅና ስትልሰው አፏን፣ ፊቷን ስታብስ ዓይኗን ያቃጥላታል። ናፍታሊን ጭራሽ መርዝ ነው፤ ከምንበላው ነገር አጠገብ ምን ይሠራል?

የሠራልኝ የዶሮ ሽቦ ነው። የሕንፃ መሣሪያ የሚሸጡ ሱቆች በሜትር ይቆርጡላችኋል። እንደ አጥር አታቁሙት፤ ለድመት አጥር ምኗም አይደለም። መሬት ላይ አንጥፉት። እኔ ዘሩን አፈር ካለበስኩ በኋላ ሽቦውን በመደቡ ልክ እዘረጋለሁ፣ የተቆረጠው ጫፍ እንዳይወጋ ወደ ታች አጥፌ ዳር ዳሩን በድንጋይ እጫናለሁ። ውሃው ያልፋል፣ ቡቃያውም በቀዳዳው ይወጣል። ድመቷ ልትቆፍር ስትል ጥፍሯን ሽቦ ይይዝባትና ትታው ትሄዳለች። ቡቃያው ሁለት ሦስት ቅጠል ሲያወጣ ቀስ ብላችሁ አንሱት። ከዘገያችሁ ቅጠሉ ሽቦው ውስጥ ይጠላለፍና አብሮ ይነቀላል። ካነሳሁ በኋላ በመስመሮቹ መሃል የቀጋ እሾህ እጥላለሁ።

ከሁሉም በላይ ግን ጓንት አድርጉ። በድመት ዓይነ ምድር ቶክሶፕላዝማ የሚባል ጥገኛ ተሕዋስ ሊኖር ይችላል፤ አፈር ውስጥ ለወራት ይቆያል፣ ለጽንስም አደገኛ ነው። ቤት ውስጥ ነፍሰ ጡር ካለች መደቡን ሌላ ሰው ይያዘው። ጥሬ የሚበላውን ደግሞ በደንብ እጠቡ።

ድመቶቹ ከሰፈር ይጥፉ አልልም፤ እነሱ ባሉበት አይጥ አይደፍርም። ከግንባታ የተረፈ አሸዋ ጓሮው ጥግ አፍስሼላቸዋለሁ፣ አሁን አብዛኛውን ጊዜ እዚያ ነው የሚሄዱት። የሰላጣው ችግር ግን እስካሁን አልተፈታም። ቀን ቀን ፀሐይ ሊሞቁ ላዩ ላይ ይተኙበታል። መላ ያላችሁ ንገሩኝ።