አዲስ ሙዚቃዊ ቴአትር ለደሴ መድረክ፦ አልባሳት ከመሰፋቱ በፊት የሚሠራው

ሙዚቃዊ ቴአትር የኪነት ትርኢት አይደለም። የወሎ ላሊበላ የኪነት ቡድንን እያነሳ ያደገ ተመልካች ዘፈን በዘፈን ላይ ሲደረብ ደስ ይለዋል፤ በሙዚቃዊ ቴአትር ግን ታሪኩን ፈቀቅ የማያደርግ ዘፈን ጊዜ ይበላል። ስለዚህ ጽሑፍ ሲደርሰኝ መጀመሪያ ዘፈኖቹን አውጥቼ ንግግሩን ብቻ አነባለሁ። አንዱ ዘፈን ወጥቶ ታሪኩ ምንም ካልጎደለበት ያ ዘፈን ይሰረዛል፤ አለዚያም ገጸ ባሕርዩ እየዘፈነ የሚቆርጠው ውሳኔ ይፈለግለታል።

ቀጥሎ ሰንጠረዥ ይሠራል። ለእያንዳንዱ ዘፈን አንድ መስመር፦ ማን ይዘፍነዋል፣ ምን ፈልጎ፣ ሲጨርስ ምን ተለወጠ፣ ቅኝቱ (ዜማው የቆመበት የአምስት ድምፆች አደራደር) ምንድነው፣ ስንት ደቂቃ ይፈጃል። የ90 ደቂቃ ሥራ ከ12 እስከ 15 ዘፈን ይሸከማል። የቅኝቱን ዓምድ ሰው ይንቀዋል፤ ብዙው ጣጣ የሚመጣው ግን ከእሱ ነው። የወሎ ደራሲ እጁ ቶሎ የሚሄደው ወደ ትዝታ ነው። ሦስት ዘፈን በተከታታይ በትዝታ ከሆነ ተመልካቹ እንባውን ገና በአጋማሹ ይጨርስና ለመጨረሻው ትዕይንት የሚተርፈው የለም። ትዝታን ለአንድ ወሳኝ ቦታ አቆይቶ የፍቅሩን ለባቲ፣ የታሪኩን ለአምባሰል፣ ልቡ ለተከፈለ ሰው አንቺ ሆዬን መስጠት ይሻላል። ሕግ ግን አይደለም፤ ሆን ብሎ ያፈረሰው ይበልጥ ያማረለት አለ።

ቅኝት የመሣሪያም ጉዳይ ነው። መነሻው ድምፅ ሳይለወጥ ከትዝታ ሜጀር ወደ ባቲ ሜጀር ሲኬድ ከአምስቱ ድምፆች ሦስቱ ይቀየራሉ። ከአምባሰል ወደ አንቺ ሆዬ ግን ሁለቱ ብቻ በግማሽ ድምፅ ይንቀሳቀሳሉ። ስለዚህ ወይ በዘፈኖቹ መሀል ክራር ደርዳሪው የሚቃኝበት የሁለት ደቂቃ ንግግር ይገባል፣ ወይ ቀድመው የተቃኙ ሁለት ክራሮች ይቀመጣሉ። የዘፋኙ ድምፅ ከፍ ወይም ዝቅ ከተደረገ ዋሽንት ነፊው ሌላ ርዝመት ያለው ዋሽንት መያዝ አለበት። ማሲንቆ ብቻ ነው በዚህ የማያስቸግረው። ደሴ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፤ በቀዝቃዛ ባዶ አዳራሽ የተቃኘ ክራር ሰው ገብቶ ቤቱ ሲሞቅ ይዛባል። የመጨረሻው ቅኝት ተመልካቹ ከተቀመጠ በኋላ ይሁን።

ሰምና ወርቅም መላ ይፈልጋል። በካሴት ያመለጠ ወርቅ ተመልሶ ይደመጣል፤ በመድረክ ካመለጠ አመለጠ። ወርቅ ያለበትን ስንኝ ሁለት ጊዜ ማስባል፣ ከኋላውም አጭር የመሣሪያ ክፍተት መተው ያዋጣል። እልልታና ጭብጨባ ቀጣዩን መስመር እንዳይውጡትም ይኸው ክፍተት ይጠቅማል። የመንዙማ የአውጪና ተቀባይ አካሄድ ለመድረክ የተመቸ ነው፤ ተመልካቹ አዝማቹን በሦስተኛው ዙር ይዞት ይቀበላል። መንዙማውን ራሱን ለማስገባት ግን መጀመሪያ አዋቂ አባቶችን ማማከር ይገባል። በዓለማዊ ታሪክ መሀል የሚያስቀይም ቦታ ላይ ሊውል ይችላል።

ለግምገማ ከደራሲዎቹ የምንቀበለው አሥር ገጽ ንግግርና በስልክ የተቀዱ ሦስት ዘፈኖች ነው፤ አንድ ድምፅ፣ አንድ መሣሪያ። በስቱዲዮ የተቀናበረ አንቀበልም፤ ጥሩ ቅንብር የደከመ ዜማ ይሸፍናልና። ሦስት ገምጋሚዎች ሳይነጋገሩ ነጥብ ይሰጣሉ፦ ታሪክ 30፣ ዜማና ግጥም 30፣ የሁለቱ መዋሐድ 25፣ ባለን ሰውና ገንዘብ መሠራት መቻሉ 15። ገምጋሚዎቹ በሰፊው የተለያዩበት ሥራ ወዲያው አይጣልም፤ ሁሉም መካከለኛ ከሰጡት ይልቅ እሱን ማየት ይሻላል።

ግምገማውን ያለፈው ሥራ ወደ ንባብ ይሄዳል፤ ተዋንያን ያለ አልባሳትና ያለ እንቅስቃሴ ጽሑፉን ለአድማጭ እያነበቡ ይዘፍናሉ። አሜሪካኖች ለዚህ ደረጃ ልምምዱን በ29 ሰዓት የሚገድብ የታወቀ አሠራር አላቸው፤ ገደቡ ለእኛም ይበጃል፣ ጊዜ ከበዛ አዘጋጁ እንቅስቃሴ መጨመር ይጀምራልና። ስምንት ወንበር፣ የወረቀት ማስቀመጫ፣ አንድ ክራር ወይም ኪቦርድ፣ ከ20 እስከ 25 አድማጭ። ዘመድ አይጠራም። «ወደዳችሁት?» ብሎ መጠየቅ ዋጋ የለውም፤ የደሴ ሰው እንግዳ ፊት «ቆንጆ ነው» ይላል። የሚጠቅሙት ጥያቄዎች «ታሪኩን ንገሩኝ»፣ «የት ላይ ደከማችሁ?»፣ በማግስቱ ደግሞ በስልክ «የትኛው ዜማ ቀረባችሁ?» ናቸው። አንድ ሰው ከጎን ተቀምጦ ስልክ የተነካበትንና ሳል የበዛበትን ገጽ ምልክት ያደርጋል።

ተመልካቹ ሳይስቅ ሲቀር ጥፋቱ ሁልጊዜ ቀልዱ ላይ አይደለም። በ1962 (እ.ኤ.አ.) አሜሪካዊው ስቴፈን ሶንድሃይም ዘፈኖቹን የጻፈለት ኮሜዲ በዋሽንግተን ሙከራው ሲደክም አዘጋጁና የውዝዋዜ ባለሙያው ጀሮም ሮቢንስ የመክፈቻው ዘፈን እንዲቀየር መከረ። ለስላሳው የፍቅር ዘፈን ወጥቶ «ዛሬ ሳቅ ነው» የሚል መንፈስ ያለው ገባ፤ ኒውዮርክ ላይም ተሳካ። ንባቡ ከከሸፈ እኔም መጀመሪያ የምመረምረው የመክፈቻውን ዘፈን ነው።

ስምምነት ከንባቡ በፊት ይፈረም። በውጭው ልማድ የታሪኩ፣ የግጥሙና የዜማው ደራሲዎች እኩል ሲሦ ይካፈላሉ፤ መነሻ ይሆናል። የሕዝብ ዜማ ከተወሰደ ዜማው የሕዝብ፣ አዲሱ ግጥምና ቅንብር የሠሪው መሆኑ ይጻፍ። የቅጂ መብት አዋጁን፣ ቁጥር 410/1996ን፣ ቀድሞ ማንበብ ነው።

ማስታወቂያው ላይ የመደምደሚያው ዘፈን አይለቀቅም። ከመጀመሪያው ሲሦ አንድ አዝማች ተመርጦ ከ30 እስከ 60 ሰከንድ በቲክቶክና በቴሌግራም ይወጣል፤ በሰኞ ገበያ ቀን ፈቃድ ይዞ በድምፅ ማጉያ ማሰማትም ያስኬዳል። ረመዳንና ዐቢይ ጾም ለዘፈን አይሆኑም። ሐምሌና ነሐሴ ዝናቡ የቆርቆሮውን ጣሪያ ሲመታ ንግግር አይሰማም። የኮምቦልቻ ተመልካች ከተፈለገ ትርኢቱ ከቀኑ 8 ሰዓት ጀምሮ 10 ሰዓት ላይ ያብቃ፤ ወደ ኮምቦልቻ የሚወስደውን የሐረጎን ቁልቁለት ሳይመሽ መውረድ ይፈልጋል።