የቀረውን ሰው ፍለጋ፦ በቤተ ክርስቲያን ሚዲያ አገልግሎት ያየሁትና የተማርኩት

እ.ኤ.አ. በ2020 ወረርሽኙ የቤተ ክርስቲያንን በር ሲያዘጋ መጋቢያችን ሐሙስ ዕለት ደወሉልኝ። «ልጄ፣ እሑድ ሰዉ በያለበት ሆኖ ቃሉን መስማት አለበት፤ በዚህ በስልክ የምታውቁትን ነገር አድርጉ» አሉኝ። ዓርብ የዩቲዩብ ቻናል ከፈትኩ፤ ስልኩን ላገኘሁት ሰው ሁሉ «እሑድ ጠዋት በቀጥታ ስርጭት እንገናኝ» ብዬ ላክሁ። ቅዳሜ ማታ ልሞክረው ስል ግን፣ ቻናሉ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀጥታ ስርጭት ሲጠይቅ እስኪፈቀድለት እስከ 24 ሰዓት ሊቆይ እንደሚችል የሚገልጽ ጽሑፍ መጣብኝ። ቀድሜ ማንበብ የነበረብኝ ነገር ነው፤ አላነበብኩትም።

እሑድ ጠዋት ሰው ስልኩን ይዞ ሲጠብቅ እኔ መጋቢው ቤት ጠረጴዛ ላይ ስልኬን አስቀምጬ ስብከቱን በድምፅ ብቻ ቀዳሁ፤ በመዘምራኑ የቴሌግራም ግሩፕም ለቀቅኩት። እነሱ ለቤተሰብ፣ ቤተሰብ ለጎረቤት አስተላለፈው። ማታ ላይ «እናቴ ሁለት ጊዜ ሰማችው»፣ «የሌሊት ፈረቃ ላይ ሆኜ አዳመጥኩት» የሚሉ መልእክቶች ይመጡልኝ ጀመር። ያኔ እንደ ማስተዛዘኛ የላክሁት ድምፅ የአገልግሎታችን ዋና ነገር ሆኖ እንደሚቀር አላሰብኩም ነበር። ልቤ ያለው ቪዲዮው ላይ ነበር።

በሩ ከተከፈተ በኋላ ካሜራ ገዛን፣ መብራት አቆምን፣ በየሳምንቱ ቀጥታ ስርጭት ቀጠልን። የመጀመሪያዎቹን ወራት ቪዲዮዎች ዛሬ ስሰማቸው ያሳዝኑኛል። ምስሉ ጥሩ ነው፤ ድምፁ ግን ከአዳራሹ ግድግዳ እየነጠረ ይመጣል፤ ሰባኪው ከጉድጓድ ውስጥ የሚናገር ይመስላል። ካሜራው ከኋላ መደዳ ላይ ሆኖ በራሱ ማይክ ስለሚቀዳ ነው። መፍትሔው ማይኮቹ ከሚገናኙበት የድምፅ መቆጣጠሪያ፣ ከሚክሰሩ፣ ቀጥታ የሚወጣ አንድ ኬብል ነበር። የሚጀምር ሰው ቢጠይቀኝ ያለኝን ገንዘብ ሁሉ መጀመሪያ ድምፅ ላይ አውል ነበር እለዋለሁ። ሰው ምስሉ ደብዘዝ ቢልም ይታገሣል፤ የማይሰማ ስብከት ግን አምስት ደቂቃም አይታገሥም።

መጠኑም ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። የ40 ደቂቃ ስብከት በሰከንድ በ64 ኪሎቢት ኤምፒ3 በሚባለው የድምፅ ፋይል ሲቀመጥ 19 ሜጋባይት አካባቢ ይሆናል፤ በ32 ኪሎቢት ደግሞ ወደ 10 ይወርዳል። የሰው ድምፅ ስለሆነ ልዩነቱ እምብዛም አይሰማም። የዚያው ስብከት ቪዲዮ ግን በመቶዎች ሜጋባይት ነው። ኢንተርኔቱን እየቆጠረ ለሚጠቀም ሰው ይህ የመስማትና ያለመስማት ልዩነት ነው። ይህን ያስተማሩኝ ከአልጋ የማይነሱ አንዲት እናታችን ናቸው። ልጠይቃቸው ስሄድ ስልኩ ትራሳቸው ሥር ነበር። የልጅ ልጃቸው እሑድ ማታ ታወርድላቸዋለች፤ እሳቸው ደግሞ አውራ ጣታቸውን ስክሪኑ ላይ እያሳረፉ የት እንደደረሱ ያሳዩኛል። «ቪዲዮው ይቆምብኛል፣ ይሄኛው ግን እስከ መጨረሻው ይሄዳል» አሉኝ። ከዚያ ሳምንት ጀምሮ ድምፁ ከቪዲዮው ቀድሞ ይወጣል።

እስከዚያ ድረስ ያታለለኝ ቁጥር ነው። ሰኞ ጠዋት መጀመሪያ የማየው ስንት ሰው እንዳየን ነበር፤ ሲጨምር ደስ ይለኛል፣ ሲቀንስ ይከፋኛል። አንድ ቀን አንድ ሽማግሌ «ከእነዚህ ውስጥ ስንቶቹን ታውቃቸዋለህ?» ብለው ጠየቁኝ። መልስ አልነበረኝም። ያኔ ፌስቡክ ላይ ሦስት ሰከንድ ያህል ቆሞ ያለፈም ሰው ተመልካች ተብሎ ይቆጠር ነበር። በሌላ በኩል፣ በየሳምንቱ የምናያቸው ግን ለሁለት ወር የጠፉ ቤተሰቦች ነበሩ፤ አንዳችንም አልደወልንላቸውም። ሁላችንም «ኦንላይን እየተከታተሉ ነው» ብለን ገምተናል። ስንደውል አባወራው ሥራ አጥቶ፣ ሰው ፊት መቅረብ ከብዶት፣ ቤት ተቀምጦ ነበር። ስርጭታችንን አንድም ቀን አላየም። ያ ስልክ ጥሪ አሁንም ይቆጠቁጠኛል። ስርጭቱ መኖሩ ራሱ ሰዎቹን ላለመፈለግ ምክንያት ሆኖልን ነበር።

ከዚያ በኋላ አሠራራችንን ቀየርን። ማስታወቂያና ስብከት የሚወጣበትን ቻናል ሰው ከሚነጋገርበት ግሩፕ ለየነው። ቴሌግራም ላይ ቻናል የአንድ ወገን ነው፤ አድሚኑ ይጽፋል፣ ሌላው ያነብባል። ሁለቱ ሲደባለቁ የቀብር መርዶው ከ«መልካም ልደት» ሥር ይቀበራል። ዋትሳፕ ለሚጠቀሙ ትልልቅ ሰዎች የጅምላ መላኪያውን ሞከርን፤ መልእክቱ የሚደርሰው ግን ቁጥራችንን ስልካቸው ላይ ለመዘገቡት ብቻ እንደሆነ የገባን ግማሾቹ «ምንም አልደረሰንም» ካሉን በኋላ ነው። ስለዚህ እሑድ በር ላይ ቆመን ቁጥሩን አንድ በአንድ መዘገብንላቸው። ሰኞ ማታ ደግሞ ሦስት ሰዎች ተቀምጠን ያልታዩትን በስም እንጽፋለን፤ ተከፋፍለንም እንደውላለን። ስርጭቱን የሚመራው ሰው ከእነዚህ ሦስቱ አንዱ መሆን አለበት። በዚህ ጉዳይ አልደራደርም።

አሁን ስለ ትልቁ ጥፋቴ ልናገር። ከ200 በላይ ሰው ያለበት የጸሎት ግሩፕ ነበረን። አንዲት እህት በውስጥ መስመር ስለ ሕመሟ ጻፈችልኝ፤ ምርመራዋን ሁሉ ዘርዝራ «ጸልዩልኝ» አለች። እኔም በቅንነት፣ ስሟን ጠቅሼ፣ የጻፈችውን ቀድቼ ግሩፑ ላይ ለጠፍኩት። በሰዓታት ውስጥ «አሜን» እና የተጣጠፈ እጅ ምልክት ሞላው። በማግስቱ አንድ ሰው ስክሪንሾት አንስቶ ከግሩፑ ውጭ ላሉ ሰዎች ልኮት፣ ሕመሟን ያልነገረችው የሥራ ባልደረባዋ «ምነው ሳትነግሪኝ?» አላት። ደውላ ያለችኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «ለአንተ ነበር እኮ የነገርኩህ።» ልጥፉን አጠፋሁት፤ ግን ፎርዋርድ የተደረገውን ማን ይመልሰዋል? ቤቷ ድረስ ሄጄ ይቅርታ ጠየቅኋት። ይቅር አለችኝ፤ ወደ ግሩፑ ግን አልተመለሰችም። ፍርዷ ትክክል ነበር።

ከዚያ ወዲህ የጸሎት ጥያቄ በፎርም ይገባል፤ የሚያነቡትም ሁለት ሰዎች ብቻ ናቸው። ፎርሙ ላይ «ለማን ይነገር?» የሚል ጥያቄ አለ፤ ለመጋቢ ብቻ፣ ለጸሎት ቡድን፣ ለሁሉም። መልስ ካልተሰጠበት «ለመጋቢ ብቻ» ብለን እንወስደዋለን። ኑዛዜና የትዳር ጉዳይ በጽሑፍ አንቀበልም፤ «እንገናኝ» ብለን ቀጠሮ እንሰጣለን። ሐዋርያው ዮሐንስ በሦስተኛ መልእክቱ መጨረሻ ብዙ የሚጽፈው ነገር እንዳለው፣ በቀለምና በብርዕ ሊጽፈው ግን እንዳልወደደ፣ አፍ ለአፍ ሊነጋገር ተስፋ እንዳደረገ ይናገራል። ጳውሎስ ደግሞ ለቆላስይስ የጻፈው መልእክት በሎዶቅያም እንዲነበብ ያዝዛል። የትኛው ነገር ለሁሉም እንደሚነበብ፣ የትኛው ፊት ለፊት እስክንገናኝ እንደሚቆይ የምንለየው እነዚህን ሁለት ቦታዎች እያነበብን ነው።

ሌሎቹን ባጭሩ ልለፋቸው። የገጹ ብቸኛ አድሚን የነበረው ወንድማችን ስልኩ ሲጠፋ ሦስት ሳምንት ያለ ገጽ ቀረን፤ አሁን ሦስት አድሚን አለን፣ ከይለፍ ቃሉ ሌላ ተጨማሪ ኮድ የሚጠይቀው ባለ ሁለት ደረጃ ማረጋገጫ በርቷል፣ የመጠባበቂያ ኮዱም በወረቀት ተጽፎ በጽሕፈት ቤት ተቆልፏል። የልጆችን ፎቶ ያለ ወላጅ ፈቃድ አናወጣም፤ ቢፈቀድም ስም አንጽፍም። ስርጭት ሳይጀመር መሙያ ብለን የከፈትነው የሌላ ዘማሪ መዝሙር የባለመብት ጥያቄ አስነስቶ የአንድ ሙሉ ፕሮግራም ድምፅ አስጠፍቶብናል። ዘማሪውን ማስፈቀድ የነበረብን እኛ ነን፤ አሁን የምናሰማው የራሳችንን መዘምራን ነው።

በዚህ ሰሞን የያዝነው ሥራ መስማት የተሳናቸውን ሁለት ወንድሞቻችንን ይመለከታል። እነዚያ ሁሉ የድምፅ ፋይሎች ለእነሱ ምንም እንዳልሆኑ የገባኝ አንደኛው ወረቀት ላይ «እኔስ?» ብሎ ጽፎ ሲያሳየኝ ነው። ስብከቱን ከሰማን በኋላ በጽሑፍ ለማውጣት ሞከርን፤ የ40 ደቂቃው አንድ ሙሉ ምሽት ይፈጃል። ስለዚህ ሰባኪዎቹ ማስታወሻቸውን ቅዳሜ እንዲልኩልን ለመንናቸው። ሁለቱ እሺ ብለዋል፤ አንዱ «እኔ ማስታወሻ ይዤ አልሰብክም» ብለዋል፤ ለእሳቸው አንዲት እህታችን ፊት መደዳ ተቀምጣ እየሰማች ትጽፋለች። ባለፈው እሑድ አራት ገጽ አውጥታ፣ ጉባኤው ሳይበተን ለሁለቱም ላከችላቸው።